ለቆቦ ልጆች የሚመለሱበት መንገድ ይከፈት

ቆቦ ላይ «ውጭ አገር» ሲባል ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ከዞብል ተራራ ወዲያ አፋር አለ፤ ከአፋር ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ይህን መንገድ በቃሉ የማይወጣ ልጅ በራያ ቆላ ማግኘት ያስቸግራል። ደላላው የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ በረሃው ላይ ውኃ እንዴት እንደሚያዝ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ይሰማዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የእኛ ሰፈር ልጆችም ነበሩባቸው። ዓመት ሳይሞላቸው በዚያው መንገድ መልሰው የሄዱም አሉ።

እኔም ውጭ አገር ሄጄ ነበር። የሄድኩት ግን ወደ ደቡብ፣ በቦሌ በኩል፣ ፓስፖርቴን በእጄ ይዤ፣ ለአንድ ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። የላከኝ የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ጓድ ነው። ጓዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ከገዛ አገራቸው ውጭ በሌላ የአፍሪካ አገር ለ12 ወራት ያሰማራል። ደመወዝ የለውም፤ መኖሪያና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። እኔ ግብርና ስላጠናሁ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በደቡብ ማላዊ፣ ቺክዋዋ በሚባል አውራጃ ተመደብኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ራሴ ላወራ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ሄዶ የመመለስ መንገድ ለራያ ልጆች ሊታወቅና ሊከፈት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ስመለስ ሰፈሬ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት ቋጠርሽ?» ጎረቤቶቼ በክፋት አልጠየቁኝም። ከውጭ የተመለሰ ሰው ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ለታናሹ የትምህርት ቤት ይከፍላል። አንዲት እናት «ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ፣ ልጄ?» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። መልሴ ረጅም ነው፤ ቡና እየጠጡ ተናግሮ ለመጨረስም አይመችም። እዚህ ልሞክረው።

ቺክዋዋ በሺሬ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለ ቆላ ነው። ከብላንታየር ደጋ ቁልቁለቱን የወረደ ሰው የሸለቆው ወበቅ ከመኪናው ሳይወርድ ይቀበለዋል፤ በግራ ካሱ ወደ አላማጣ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አብዛኛው የማላዊ ገበሬ የሚያርሰው በቆሎ ነው፤ የሚበላውም ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ነው። ሸለቆው ግን ሞቃትና ዝናብ አጠር ስለሆነ ማሽላና ዘንጋዳ ዛሬም ይዘራበታል። እኔ ስደርስ ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ያስከተለው ጎርፍ ካለፈ ወራት ተቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የወረደው ያ ዝናብ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በማላዊ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። በቺክዋዋ ቤቶቹ የጭቃ ስለነበሩ ቀልጠው ቀርተዋል። ሰዉ ከፍ ባለ መሬት ላይ ድንኳን ውስጥ ከርሞ ወደ ማሳው እየተመለሰ ነበር።

የመጀመሪያ ሳምንቴን ያሳለፍኩት እየጠየቅኩ ነው። አንድ የመንደር ሹም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ፣ ማሳውን ሲያሳዩኝ አበባ ያላት ትንሽ አረም ከማሽላው ሥር ነቅለው ሰጡኝ። ካውፊቲ ይሏታል። እኔ ሳቅሁ፤ አቀንጭራ ናት። ራያ ውስጥ አቀንጭራ ያላራቆተችው ማሳ የለም። የማሽላውን ሥር ጠብታ እስኪቀር የምትመጥ፣ ዘሯ መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ ጠላት ናት። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ከእሳቸው ሥራ ተነሥቶ አገራችን ውስጥ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ከቆቦ ወደ ወልድያ ስንሄድ ከምናልፋት ጎብዬ ጋር በስም ይጋራል። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ እናንተ ዘንድ አለቀች?» አሉኝ። አላለቀችም። እሳቸው ደግሞ ማሽላውን ከርግብ አተር ጋር እያሰባጠሩ እንደሚዘሩና መሬቱ ሲበረታ አረሟ እንደምትቀንስ አሳዩኝ። ርግብ አተር በማላዊ በየጓሮው አለ፤ ቅጠሉ መሬት ያለማል፣ ፍሬው ወጥ ይሆናል፣ እንጨቱ ይማገዳል። ቆቦ ላይ ግን በገበሬ ማሳ ላይ አይቼው አላውቅም።

በዚያ ዓመት ውስጥ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ከዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አልነበረም። ከአባቴ ጋር ሌሊት ጎርፍ ስጠልፍ ያየሁት ነው የረዳኝ። እዚህ ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ራያ ቆላ ላይ ዝናቡ እኛ ዘንድ ባይጥልም ደጋው ላይ ከጣለ ጎሊናና ሆርማት ይሞላሉ። «ጎርፍ መጣ!» ሲባል ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ በጨለማ ይወጣል። ውኃውን ከወንዙ የሚነጥለው ጠለፋ በድንጋይ፣ በእሾህና በአሸዋ የተገደበ ነው። ከዋናው ቦይ ወደ ማሳ የሚገባበትን ተራ የውኃ አባቱ ያስከብራል፤ ተራውን የሰረቀ ይቀጣል። ጎርፉ ውኃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ከደጋው የታጠበ ለም ደለልም ይዞ ይመጣል። አንድ ሌሊት በደንብ የጠጣ ማሳ ብዙ ጊዜ ያለ ሌላ ዝናብ ማሽላ ያደርሳል።

በቺክዋዋ ጎርፍ ገዳይ እንጂ ሲሳይ ተደርጎ አይታይም፤ ሺሬ ሲሞላ የሚጠለፍ ወንዝ አይደለምና ልክ ናቸው። ከሸለቆው ግድግዳ የሚወርዱት ትንንሽ ደረቅ ወንዞች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ሞልተው ማሳውን ጥሰው ሺሬ ይገባሉ። ከሴቶች ቡድን ጋር ሆነን በአንዱ ላይ የራያ ዓይነት ጠለፋ ሠራን፤ ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ ብቻ ነው የተጠቀምነው። በታኅሣሥ የመጣው ጎርፍ ገባልን፤ ማሳው እስከ ጉልበት ጠጣ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ጠለፋውን ነቅሎ ወሰደው። ሴቶቹ አዝነው ቆሙ። እኔ ግን አላዘንኩም፤ ቆቦ ላይ በየዓመቱ ነው የምንሠራው። ይህን ስነግራቸው የመንደሩ ሹም ሰው ሰብስበው በማግሥቱ መልሰን ሠራነው።

እነሱ ደግሞ ዲምባ የሚሉትን አስተማሩኝ። ሺሬ ሲጎድል ዳርቻው ላይ የሚቀረውን እርጥበት እየተከተሉ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጎመን ይተክላሉ፤ ውኃው አንድ እርምጃ በሸሸ ቁጥር ተክሉም አንድ እርምጃ ይከተላል። ሰባት ልጅ ያሳደጉ አንዲት እናት እጄን ይዘው አፈሩን በመዳፌ እያስጨመቁ «አሁን ነው»፣ «ገና ነው» እያሉ አስተማሩኝ። ይህን ዓይነቱን ዕውቀት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ከቺክዋዋ ውጭ ያየሁትም አለ። በዕረፍት ቀናት ማላዊን በሚኒባስና ካባዛ በሚባለው የብስክሌት ታክሲ ዞርኩ። በብላንታየር መሐል ከተማ በኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራ ጎዳና አለ፤ ስሙን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። በማላዊ ሐይቅ ዳር፣ ኬፕ ማክሊር በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ወጣቶች አገኘሁ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ለአንድ ዓመት ዓለምን እየዞሩ በየቦታው ጥቂት ሳምንት በጎ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው። ግን ለማገልገል ይከፍላሉ፤ ከፍተኛ ገንዘብ ለአገናኝ ድርጅቶች ይከፍላሉ። ሁለት ሳምንት ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ሁለት ሳምንት የአንበሳ ግልገል መንከባከብ፣ ከዚያ ሌላ አገር። ሊንዳ ሪክተርና ኤሚ ኖርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በጻፉት ጥናት፣ በየጥቂት ሳምንቱ በሚመጣና በሚሄድ እንግዳ ላይ ፍቅሩን የሚጥል ወላጅ አልባ ሕፃን በየመለያየቱ እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። እኔም ያየሁት ይህን ያረጋግጣል። አንዲት ልጅ ከአንዷ ፈረንጅ አንገት አልወርድ ብላ ስታለቅስ ከዚያ በፊት ከነበረችው አንገትም እንዲሁ አልወርድ ብላ እንደነበር የማሳደጊያው ሠራተኞች ነገሩኝ።

ይህን የምለው ፈረንጅን ለመንቀፍ አይደለም። እኔ ያደግሁት እናቴ የኮረሙን ነርስ ስታመሰግን እየሰማሁ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የራያ ሰው ወደ ኮረም ወጣ፤ በዚያ ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተኝቶ በዚያው ጥቅምት በቢቢሲ የቴሌቪዥን መስኮት ለዓለም ታየ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የሕፃናት አድን ድርጅት ሠራተኞች እዚያ ብርድ ላይ ከሰዉ ጋር ነበሩ። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟን ያተረፈችላትን ነርስ ስም ዛሬም ትጠራለች። ያቺ ነርስ ሙያ ነበራት፣ ወራትን ቆይታለች፣ የምትሠራውም ሥራ በእሷ መምጣት የተፈጠረ ሳይሆን ሰው እየሞተበት የነበረ ሥራ ነው። የኮረሟን ነርስና የኬፕ ማክሊሩን እንግዳ የሚለያቸው ሙያው፣ የቆይታው ርዝመትና ሥራው እውነተኛ መሆኑ ነው። የቆዳ ቀለምም የአገር ሀብትም በዚህ ውስጥ የለም።

እኛ ደግሞ ተቀባይ ብቻ አልነበርንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት ነው የሚመደበው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አሰማርቷል። ዘመቻው መከራም ነበረበት፤ ሆኖም የከተማ ልጅ ገጠሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ደቡባዊ አፍሪካን በተመለከተም ዕዳ የለብንም፤ ይልቅ ውለታ አለን። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክሱ ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1958 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ እንጂ ክሱን ለመመሥረት የደፈሩት ሁለቱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ይህ ሁሉ ታሪክ እያለን ዛሬ በደቡባዊ አፍሪካ የኢትዮጵያዊ ስም የሚነሣው በሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ የድንበር ሹም ፓስፖርቴን ገልብጦ ገልብጦ «ኢትዮጵያዊት ነሽ? ወደ ጆሃንስበርግ ነው?» አለኝ። ማህተም የተመታበት ደብዳቤዬን አሳይቼው እንኳ ረጅም ጊዜ አስቆመኝ። ሌላው ተሳፋሪ እየተሳለቀ አለፈ። ሹሙ ላይ አልፈርድም፤ በዚያ ድንበር የሚያልፈው የእኛ ሰው አብዛኛው ደብዳቤ የለውም። ከሀዲያና ከከምባታ የሚነሡ ወጣቶች በሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ማላዊ፣ ከዚያ ሞዛምቢክ እያሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳሉ። ጆሃንስበርግ ጂፒ የሚባለው ጎዳና ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ አገር ቤት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያሠሩ አሉ። መንገድ ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው።

በታኅሣሥ ወር ከብላንታየር ወደ ሐራሬ በአውቶቡስ ሄድኩ። አውቶቡሱ የማላዊን ድንበር ተሻግሮ በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በኩል ያልፋል፤ የዛምቤዚን ወንዝ በረጅሙ የቴቴ ድልድይ እናቋርጣለን። መስኮት ሥር ተቀምጬ ሙዝ እየበላሁ ባኦባብ እያየሁ ሄድኩ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዚሁ በቴቴ ግዛት ከማላዊ የተነሣ የጭነት መኪና ተይዞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ዜናውን ቺክዋዋ ሆኜ በሬዲዮ ሰማሁ። የመንደሩ ሹም በዱላቸው እየተደገፉ ቤቴ ድረስ መጥተው ከደጃፌ ተቀመጡ፤ እንደ እኛ ለቅሶ ደራሽ ነው የሆኑት። «ዘመዶችሽ ናቸው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሴቶቹ ዱቄት ይዘው መጡ።

እኔ በዚያ መንገድ መስኮት ከፍቼ ተጉዣለሁ። የሞቱት በእውቀትም በጉልበትም ከእኔ አያንሱም። የነበረን ልዩነት አንድ ወረቀት ነው፤ የሚልከኝ ነበረ፣ የሚቀበለኝ ነበረ፣ የምመለስበት ትኬት ነበረኝ። ይህ ጽሑፍ ሙሉውን የተጻፈው ለዚያ ወረቀት ነው።

ሐራሬ ከደረስኩ በኋላ እዚያው ዚምባብዌ ውስጥ ወዳለችው ዝቪሻቫኔ ወረድኩ። ዝናብ አጠር፣ ድንጋያማ አገር ነው። የሄድኩት የዜፋንያ ፊሪ ማሴኮን እርሻ ለማየት ነው። ፊሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፉ ገበሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የነጮቹን የሮዴዥያ መንግሥት በመቃወማቸው ከባቡር መሥሪያ ቤት ሥራቸው ተባረሩ፤ የቀራቸው ሦስት ሄክታር ያህል የተጎዳ መሬት ብቻ ነበር። ከመሬታቸው በላይ ባለው የድንጋይ ጉብታ ላይ ዝናብ ሲጥል ውኃው እንዴት እንደሚሮጥ እያዩ በትንንሽ የድንጋይ ካብ አዘገዩት፣ ወደ ኩሬ መሩት፣ ከኩሬው ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወደ አፈሩ ሥር አሰረጉት። ውኃው መጀመሪያ የሚገባባትን ኩሬ «የኢሚግሬሽን ቢሮዬ» ይሏት ነበር፤ ውኃውን እዚያ ተቀብለው ወደሚኖርበት ቦታ ይመሩታል። ድርቅ በሆነበት ዓመት እንኳ ሙዝ የሚያፈራ እርሻ አደረጉት። የራያ ገበሬ ቢያየው ወዲያው ይገባዋል። የጎደለን ጎርፉን ከጠለፍን በኋላ ውኃውን ከመሬት በታች የምናቆይበት ነገር ነው። ቆቦ ሸለቆ ላይ በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እየሳብን እናለማለን፤ ወደ ከርሰ ምድር የምንመልሰው ግን ጥቂት ነው። ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልና ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቡድን፣ ከቆቦ ገበሬዎችና የውኃ አባቶች ጋር፣ ዝቪሻቫኔ ሄዶ ቢመለስ ብዙ የወረቀት ስልጠና ይተካል።

ኮሮና መጣ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በመጋቢት ወር በዓለም ዙሪያ ያሉትን በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ሰብስቦ አስወጣ። ኬፕ ማክሊር ባዶ ቀረች። እኔ በረራ ስለተዘጋ ከጎረቤቶቼ ጋር ቆየሁ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ጋር የሠራነው ከጠለፋው ይልቅ የሚቆጠር ይመስለኛል። ባንኪ ምኮንዴ የሚሉት የመንደር ቁጠባ አላቸው፤ ሴቶች በየሳምንቱ ያዋጣሉ፣ ገንዘቡ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፣ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፣ ሣጥኑን ደግሞ አራተኛዋ። ከእቁብ የሚለየው ማበደሩና ወለዱ ለአባላቱ መከፋፈሉ ነው። ገበያ ሲዘጋ ብዙ ቤት የቆመው በዚያ ሣጥን ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለስኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ ከተማዋ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ያየችው መከራ በአንድ አንቀጽ አይነገርምና አልገባበትም። ባንክና መብራት በተቋረጠበት በዚያ ጊዜ የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም ዕድሩ፣ ቀባሪም መጋቢም ነበር። ነገሩ ጋብ ሲል የሰፈሬን ሴቶች ሰብስበን ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን አሠራን። አናጢው ሦስት የቁልፍ ቦታ ለምን እንዳስፈለገ ደጋግሞ ጠየቀን። ዛሬ ከዚያ ሣጥን ተበድራ እህል የነገደች አለች፣ በግ የገዛች አለች። ልጇን በደላላ ልትልክ ያሰበችበትን ገንዘብ ለልጇ የዶሮ ቤት መሥሪያ ያደረገች እናትም አለች። «ስንት ቋጠርሽ?» ላሉኝ ይኸው።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። አንዱ «የሄደ አይመለስም» ይላል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልምልም። ግን የሚመልሰውን ትኬት ይዞ፣ በስሙ በተጻፈ ደብዳቤ ገብቶ፣ የሠራው ሥራ ተመዝግቦለት የሚሄድ ወጣት ለመመለስ ምክንያት አለው፤ በኮንቴይነር የገባ ግን ባዶ እጁን መመለስን ከሞት ይፈራዋል፣ ብድር አለበትና። ሌላው «ቆቦ እንዲህ ሆና ሳለ የቆቦ ልጅ ማላዊን ያገለግላል?» ይላል። ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። መጀመሪያ እዚሁ ያገልግል። በ2013 ዓ.ም. በሰላም ሚኒስቴር የተጀመረው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት ወጣቱን ከክልሉ ውጭ ማሰማራቱ ጥሩ ጅምር ነው፤ እሱን ያጠናቀቀ ለአህጉሩ ቢታጭ መልካም ነው። ግን ድሃ ስለሆንን የምንሰጠው የለንም ማለትን አልቀበልም። ቺክዋዋም ድሃ ናት፤ እኔን ግን አስተምራ ላከችኝ።

መንግሥታትም ድርሻ አለባቸው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮልን ተቀበሉ፤ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቂያቸውን ማስገባት አለባቸው፤ ያስገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት ለአፍሪካውያን በመድረሻ ላይ ቪዛ መስጠት ጀምራ ነበር፤ ፕሮቶኮሉን ከሚያጸድቁት ቀዳሚዎች መካከልም ልትሆን ይገባታል። ኅብረቱ መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ከላጎስና ከናይሮቢ ወጣቶች ጥሪውን ሰምተው ሲያመለክቱ፣ ከአዲስ አበባ በሚነሣው ጎዳና ላይ ያለች ቆቦ አለመስማቷ ያሳዝነኛል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የቆቦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የወረዳው የወጣቶች ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ አላቸው። ጥሪው በወጣ ቀን እዚያ ይለጠፍ። የማመልከቻው ቅጽ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ የሚያግዝ አንድ መምህር ይመደብ። የፓስፖርት ወጪውን ለማይችል የከተማው ነጋዴ ቢሸፍን ለሁለት ልጅ የሚወጣው ለአንድ ደላላ ከሚከፈለው ያንሳል።

ለእናንተ፣ ለራያ ልጆች፣ ይህን ልበል። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 35 ከሆነ፣ ዲግሪ ወይም የሙያ ማረጋገጫ ካላችሁ፣ ማመልከት ትችላላችሁ። በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ለማንም ገንዘብ አይከፈልም፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ደላላ ነው። ማመልከቻችሁ ላይ ምን እንደምትጽፉ ካልገባችሁ ጎርፍ መጥለፍ እንደምትችሉ ጻፉ።